የአዋላጇ ቃል፣ በእሾህ እሳት ዳር

ልደትን «ያልዳ» ነው የምንለው እኛ፤
በነነዌ ሜዳ፣ ብርዱ ሲከለክል ሰውን እንዳይተኛ፣
እሾህ እንከምራለን በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣
ወንጌል ሲነበብ ይነዳል፤ ይከበዋል ሽማግሌና ልጅ።

ዘንድሮ ግን እሾሁ ርጥብ ነው፤ ሌሊቱን ዘንቦበት፣
ዲያቆን ማቲ ክብሪት ቢጭርበት፣ ቢጭርበት፣
ጢስ ብቻ። ጢስና ሳል።
ልጆቹ ይስቃሉ።
አዛውንቱ ግን ዝም፤
እሳቱ ሙሉ ካልነደደ ዓመቱ አይቀናም ይላሉ።

ጣሪያችን ዛሬም ጥቁር ነው፣ ከተቃጠለ ወዲህ፤
ሦስት ዓመት በድንኳን ከርመን፣ ገና መመለሳችን ነው እዚህ።

እኔ ሽሙኒ ነኝ። አዋላጅ።
አርባ ዓመት ሙሉ ተቀብያለሁ የሰው ልጅ፣
በእነዚህ፣ እዩዋቸው፣ በተሰነጠቁ እጆቼ፤
ስንቱን በፋኖስ፣ ስንቱን በዳበሳ አውጥቼ።
«ቃል ሥጋ ሆነ» ብለው አባ ጊዋርጊስ ሲያነቡ
የሌላው ዓይን ወደ ሰማይ፣ ወደ ኮከቡ፤
የእኔ ግን ወደ ደሙ፣ ወደ ምጡ፣ ወደ ጨርቁ፤
ማን ጮኸላት ያን ሌሊት፣ «ውሃ አሙቁ! ውሃ አሙቁ!»

አውቀዋለሁ እኮ ጨቅላ።
አንገቱ ራሱን አይችልም፤
በመዳፍ ካልደገፉት ይወድቃል ወደ ኋላ።
ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ፣
አንገቱን ማቅናት አቅቶት፣
በአንዲት ልጃገረድ ክንድ ላይ ተጋደመ።
ይህን ሳስብ ፍርሃት ይይዘኛል አንዳንዴ፤
እግዜርን ከእጄ ብጥለውስ፣ እላለሁ፣ ሲላወስ ሆዴ።

ደግሞም እትብት ነበረው።
ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤
ግን የተወለደ ሁሉ አለው።
አንድ ሰው ቆርጦታል፤ አንድ ሰው ቋጥሮታል በክር፤
አንድ ሰው ከበረቱ ጀርባ ቀብሮታል ከአፈር።
እንግዲህ ንገሩኝ፣
እትብቱ የተቀበረበትን ማን ይረሳል?
ሩቅ ቢሄድ፣ ከዙፋን ቢቀመጥ፣
ይመለሳል።

በድንኳን ሳለን፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣
ሻሚራንን አዋለድኳት፣
የባሏ መርዶ በመጣባት ሌሊት።
ምላጩን በአረቄ አጠብኩ፤ ወንድ ልጅ ሆነ፤ ቤህናም አለችው።
«እትብቱን ግን» አለችኝ፣ «በሰው አገር አፈር አትቅበሪው።»
በጨው አሽቼ፣ በመሐረብ ቋጥሬ፣ ከብብቴ ሥር፣
ይዤው ዞርኩ ሦስት ዓመት፣ ለማንም ሳልናገር።

ያ ቤህናም ነው ዛሬ፣ እሳት ሊያይ ተጠግቶ፣
እሾህ ወግቶት የጮኸው፤ ንባቡም ቆመ ተገትቶ።
ሮጬ ያዝኩት። ስባሪው ጣቱ ውስጥ ቀርቷል፤
መርፌ አልያዝኩም። ከዚያው ክምር መዘዝኩ፤
እሾህ በእሾህ ይወጣል።
አንዲት ጠብታ ደም፣ እንደ ሮማን ፍሬ።
አባ ቀና ብለው ጠበቁ፣ እስክጨርስ፣ በብርድ ሲነፍር ከንፈሬ።
ያም ሕፃን ወደዚሁ ክምር ነው የመጣው፣ እያወቀው፤
እሾሃችንን በገዛ ራሱ ተሸክሞ ሊነቅለው።

እሳቱማ ግማሹ ነደደ፣ ግማሹ ጢሶ ቀረ፤
«ዓመቱን እንጃ» አለ ማቲ፤ ማንም አልተናገረ።

በነጋታው፣ ዐመዱ ሳይቀዘቅዝ ገና፣
መሐረቤን ፈታሁ፤ ሻሚራንም መጣች ልጇን አቀፈችና።
ከደጁ ጥግ ቆፈርን። የቋጠርኩት ደርቆ
እንደ ወይን ሐረግ ሆኗል።
«ምንድን ነው?» አለ ልጁ።
«አገርህ» አልኩት።
ከግርግሙ ውስጥ ያለውን፣ አፍንጫው የተሸረፈውን፣
የሸክላ ሕፃን አየና፣
«የእሱስ የት ተቀበረ?» አለኝ።

«እዚሁ ምድር ላይ» አልኩት፣
አፈሩን ከጥፍሬ እያወጣሁ።
ብርዱ በርትቶ ነበር። ገባን።