ጥልቀት መለኪያ

ጉም ክላክስቪክን የዋጠ ዕለት፥
መትከያው፣ ጀልባው፣ ጣሪያው ጠፍቶበት፥
ማርዩን ገባች ከነዝናቧ፤
ኮቷ ይንጠባጠባል፥ ዝም ብሏል ልቧ።
ሃኑስ ከኋላዋ፥ ቆቡን በእጁ ጨብጦ፥
ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፥ ከወንበር ጫፍ ተቀምጦ።

«ቀጠሮሽ ለአምስት ሰዓት ነው» አልኳት፥ ገና በሩን ስከፍት፤
«አውቃለሁ» አለች፥ «ከሦስት ጀምሮ ቆመናል እዚህ ፊት ለፊት።»

አምና በጥቅምት፥ በዚሁ አልጋ ላይ፥
ዝም ያለ ስክሪን፥ ዝም ያለ ሰማይ፤
እኔው ነበርኩ ያየሁት፥
የማይባለውን ቃል፥ አንገቴን ደፍቼ የነገርኩት።

ቅባቱን ሳፈስ «ይቀዘቅዛል» እላለሁ፤
ይህን ቃል በዓመት ስንት ጊዜ ብያለሁ?
ያኔ ነው የጠየቀችኝ፥ ዓይኗ ጣሪያው ላይ፦
«ይሰማዋል ወይ?
ይህ የምትልኪው ድምፅ ያስደነግጠዋል?
ያሞቀዋል ወይ?»

ውሸት መናገር ሥራዬ አይደለም፤
«ፍጹም» የሚል ቁልፍ በመሣሪያዬ ላይ የለም።
ያልኳት ይህን ነው፦
«ድምፁ ከጆሮ በላይ ነው፥ እንደ ጩኸት አይሰማው።
ሙቀቱስ? ሥጋ ድምፅ ሲጠጣ ጥቂት ይሞቃል፤
ለዚህ ነው ዓይኔ፥ ከጥግ ካለችው ቁጥር የማይነቀል።
ስንት እናት፥ ስንት ዓመት ተጠንቶ፥ ጉዳት አልተገኘም፤
አልተገኘም ማለት ግን፥ መጫወቻ ነው ማለት አይደለም።
ሲያስፈልግ አበራለሁ፥ ያየሁትን ጽፌ አጠፋለሁ፤
ሌላ መሐላ የለኝም፥ በዚህ እምላለሁ።»

ከዚያ መጣ።
ከጨለማው ውስጥ አከርካሪ፥ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ፥
(ሃኑስ ሳቀ፥ «የዓሣ አጥንት!» ብሎ፥ ትንሽ ቆይቶ ሊያለቅስ)
ተረከዝ፥ ያልጠነከረ ቡጢ፥ አራት ጓዳ ያለው ልብ፥
ብልጭ ጥፍት፥ ብልጭ ጥፍት የሚል፥ እንደ ሩቅ ወደብ።

ለካሁ። ጻፍኩ። «ደህና ነው» አልኩ። «ሁሉም ደህና ነው።»
እጄን ላነሳ ስል፥ አንጓዬን ይዛ አስቀረችኝ፤
«ጥቂት ቆዪ፥ ይኼ ብቻ ነው የሚያስተኛኝ።
እህቴ እኮ ኮፐንሃገን፥ ከገበያ አዳራሽ ሱቅ፥
ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስቀርፃለች፥ ልጇ ጣቱን ሲጠባ፥ ሲስቅ።
በየሳምንቱ ልምጣ። እከፍላለሁ። ሌሊትም ቢሆን።
ባጠፋሽው ቁጥር፥ ይሞትብኝ ይሆን?»

መልስ አጣሁ። ሲበዛ ማርም ይመራል ይባላል፤
ላዘነች እናት ግን፥ ማን ደፍሮ ይናገራል?

ሃኑስ ተናገረ ያኔ፥ ወለሉን እያየ፥
ድምፁ ጨው የበላው ብረት፥ ከሌላ ቀን የተለየ፦
«ጀልባችን ላይ ጥልቀት መለኪያ አለ፥ የዚህኛው ዘመድ፤
ድምፅ ይጥላል ወደ ታች፥ እንደ መንጠቆና ገመድ፤
ገደል ማሚቶው ሲመለስ፥ ድንጋይን ከአሸዋ ይለይ ነበር፤
አባቴ ግን መንገዱን ካየ በኋላ ያጠፋው ነበር።
‹ባሕሩ› ይል ነበር፥
‹ስላላየነው አይደርቅም።›»

ማርዩን ዝም አለች። እጄን ወዲያው አልለቀቀችም።
አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት ትንፋሽ። ከዚያ ጣቶቿ ላሉ።
አጠፋሁት። በጥቁሩ መስታወት ሦስት ፊቶች ቀሩ፥ ዝም እንዳሉ።

በር ላይ ዞር ብላ፥ «ሐሙስ ልደውልልሽ?» አለችኝ፤
«ደውዪ» አልኳት፥ «ለማየት ሳይሆን ለወሬ።» ፈገግታዋን ግን አላሳየችኝ።

ቅባቱን ጠረግሁ። በመስኮቱ ጉም እንጂ ተራራ አይታይም፤
ከጀርባው ተራራ ስለ መኖሩ፥ ማንም አልጠየቀም።
ደግሞስ ማንን ልመክር? የአምናውን መስታወት፥
የዚያን ጥቅምት፥
እኔው ራሴ፥ ማታ ማታ፥ እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም።

ስሟን ከወረቀቱ አንብቤ፥ ቀጣይዋን ጠራሁ።