ረድፍ የሌለው ወጪ

ደባርቅ መብራት ጠፍቷል፤ ጉም መስኮቱን ልሷል፤
የስልኬ ብርሃን ብቻ ሰንጠረዡን ዳስሷል።
የመጪው ዓመት ዕቅድ፣ የመጠለያው በጀት፣
ዘጠኝ ገጽ ወረቀት፣ ዘጠኝ ዓይነት ጭንቀት።

ተራ ቁጥር አንድ፦ ቡትስ ጫማ፣ ሃያ አራት ጥንድ፤
ሁለት፦ የበቅሎ ኪራይ፣ እስከ ላይኛው መንገድ፤
ሦስት፦ የውሻ ክትባት ለሰባቱ መንደር፣
ወደ ቀይ ቀበሮ እብደቱ እንዳይሻገር፤
አራት፦ የወሰን ድንጋይ፣ ኖራ የተቀባ፤
አምስት፦ ለጓሳው ሣር ዘብ፣ ከብት እንዳይገባ።
ስድስት ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ አነከሰ፤
"የተበላ ገብስ ካሳ" ብሎ ጀመረና መልሶ ደመሰሰ።

ከጎንደር ተደውሎ፦ "እህቴ፣ ቀንሺ" አለኝ፣
"አርባ ከመቶውን፤ ጣሪያው አይችልልኝ።"
እንደ ሥጋ ገዢ ነው፦ "ጮማውን አውጪና
ቀዩን ብቻ ላኪው፣ ይመዘናልና።"
እኔ ግን የያዝኩት ጮማ የለው ከቶ፤
ያው ቆዳና አጥንት ነው፣ በቁጥር ተሰፍቶ።

እስክሪብቶ የማኖርበት ይህ ጥቁር ዋንጫ
የዋልያ ቀንድ ነው፤ የአባቴ መጠጫ።
ጠላ ይቀዳበት ነበር፣ ለክርስትና፣ ለማኅበር፤
"ስንት ቀረ?" ብሎ ያኔ የጠየቀ አልነበር።
ወረስኩት። አልሸጥኩት፣ አልቀበርኩት፤
ጠረጴዛዬ ላይ አፉን ወደ ላይ አቆምኩት።

እንየው መጣ፣ ስካውቱ፣ ከአራት ቀን ቅኝት፣
ጋቢው ውኃ ጠጥቶ፣ ጺሙን ውርጭ አዝሎበት።
ከብብቱ ደብተር አወጣ። ገለጥኩት። ቀለሙ
በጉም ርሶ ፈሷል፤ ጠፍቷል የቀን ስሙ፣
ጠፍቷል ቁጥሩ ሁሉ። ሰማያዊ ደመና።
"ስንት አየህ?" አልኩት። "ማክሰኞ አሥራ አንድ" አለና
ዝም አለ። "የረቡዑንማ ደብተሩ ነበር የሚያውቀው።"
ቆይቶ፦
"ጫማው ይቆየኝ፤ ድንጋይ እግሬ ለምዷል።
እርሳስ ግዢልኝ፤ ቀለም ከጉም ጋር ይሄዳል።"

ጻፍኩት። ተራ ቁጥር ሰባት፦ እርሳስ፣ ሁለት ደርዘን።
ሳምንት አልቆየም፣ መልሱ መጣ ከዞን፦
"አላቂ ዕቃ ተሰርዟል። የአውደ ጥናቱ
ድንኳንና ባነር ግን ይቆይ፤ ያምራል ለዕለቱ።"

ይርዳው ደግሞ መጣ። ከአፋፉ ሥር ያርሳል፤
ጭላዳ ገብሱን ባጨደ ቁጥር ቢሮዬ ይደርሳል።
"ለዋልያው ዘብ፣ ለቀበሮው ሐኪም፣ ለሣሩ ወሰን፤
እኛስ፣ ልጄ? እኛ የትኛው ረድፍ ላይ ነው የተጻፍን?"
መልስ አልነበረኝም። ስድስትን አሳየሁት፣
የተደመሰሰውን። ማንበብ አይችልም፤
ግን በጣቱ ዳበሰው፣ ጠባሳ እንደሚዳበስ።

ደጅ ላይ እንየው ደብተሩን ለፀሐይ ገልጦ ነበር፤
ቅጠል በቅጠል እፍ ይላል።
ይርዳው አየው። አለፈው። ተመለሰ።
እጁን ኪሱ ከተተና አንድ እፍኝ ገብስ፦
"እንካ። ከአውሬዎችህ ጥርስ የተረፈ ነው።
አንድ ባየህ ቁጥር አንድ ፍሬ
ከግራ ኪስህ ወደ ቀኝ መልስ።
ቀለም አይደለም፣ አይፈስ።
ዕዳቸው ነው ደግሞ፤ በዕዳቸው ይቆጠሩ።"

አልተጨባበጡም።
ታረቁ አልልም፤ ይርዳው በማግስቱ
ወንጭፉን ይዞ ማሳው ዳር እንዳደረ ሰምቻለሁ።

እኔም ባነሩን ሰረዝኩት፤ ድንኳኑንም።
ስድስትን መልሼ ጻፍኩ። ላኩት።
እስካሁን መልስ የለም።

እንየው በዘጠነኛው ቀን ወረደ።
ቀኝ ኪሱን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠ፦
አሥራ አንድ ፍሬ። ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ።
ከዚያ ከመዳፉ አንዲት ግማሽ ፍሬ፣
በጥርሱ የከፈላት፣ ለብቻዋ አኖረ።
"ይቺ ትናንት የተወለደች ናት" አለ፣
"ገና በአራት እግሯ አልቆመችም።"

የዞኑ ቅጽ ግማሽ አይቀበልም።
እስክሪብቶዎቹን አወጣሁ፤ ፍሬዎቹን
አንድ በአንድ ቀንዱ ውስጥ ጣልኳቸው፤
ግማሿን መጨረሻ።
ኮሽ አለች።
ከአባቴ ጠላ ወዲህ
ገብስ ሲገባበት ይህ የመጀመሪያው ነው።