የተቀረጸ ምስል

ሱቻቫ፣ ኅዳር። ከዳቦ ቤቱ ሥር ወዳለው ምድር ቤቴ
መርማሪ ሳንዱ ወረደ፣ ጫማው ጭቃ እንዳዘለ፤
«ከጉድጓድ ነው የወጣ» አለ፣
«ሰው ከጠፋበት መንደር፣ ከተራራው ጀርባ።»
አንዲት ትንሽ ካሴት በላስቲክ እንደተጠቀለለች
ሻዬ አጠገብ አስቀመጠ።

እኔ ጠጋኝ ነኝ።
የሰው ሰርግ፣ የሰው ክርስትና፣ የሞቱ እናቶች ድምፅ፣
ሻጋታ የበላውን ክር በጥጥና በአልኮል እጠርጋለሁ።
ምን አለበት ብዬ አልጠይቅም።
ሦስት ሌሊት ማሞቂያው ላይ አደረቅሁት፤
በአራተኛው ቀን እንደ አልዓዛር ሸተተ፣
እንደ አልዓዛር ተነሣ።

መጀመሪያ በረዶ። ከዚያ ትንፋሽ። ከዚያ የሴት ልጅ ሣቅ፦
«ሩክሳንድራ ነኝ፣ የፊልም ተማሪ፣ ከያሽ።
እነዚህ ሰዎች መስታወት የላቸውም። ፎቶ የላቸውም።
መቃብራቸው ላይ እንኳ ስም አይጽፉም።»
ሌንሱ ይዞራል፦ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣
የከብት ገንዳ፣
ውሃው ፊት እንዳያሳይ ጭድ የተነሰነሰበት።
አርባ አንድ ሰው አግዳሚ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

አሮጊቷ ፓራስኪቫ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች፦
«ድንጋይ አትቅረጹ አለ፣ ታዘዝን፣ አልነካንም፤
እንጨት አትቅረጹ አለ፣ ጥላ እንኳ አልሳልንም፤
ስለ ብርሃን ግን፣ ልጄ፣ አንዳች አላለንም።
መቶ ክረምት ሙሉ ጠበቅን እጅሽን፤
ሞት ሳይቀድምሽ ቅደሚው፣ ከእኔ ጀምረሽ ቅረጪን።»
ብላ ዞረች።
እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፤
ማንም አይቶት የማያውቅ ፊት።

በማግስቱ አግዳሚው ላይ አርባ።
«ፓራስኪቫስ?»
«ገባች» አለ ዶሪን፣ የሰባት ዓመት ልጅ።
«የት?»
ጣቱን ቀሰረ፣ ወደ ሌንሱ፣ ወደ እኔ።

ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ። ወተቱ ባልዲው ውስጥ ይተናል፣
አላቢዋ የለችም። የበቆሎ ገንፎ ምድጃው ላይ ይንተከተካል፣
ማንኪያው ቆሟል፣ እጁ የለም።
ደጃፏ ላይ ወረፋ፣ በበረዶ፣ በታጠበ ሸሚዝ፤
ሩክሳንድራ እያለቀሰች «ይበቃል» ትላለች፣
ቀይዋ መብራት ግን አትጠፋም።
«ቅበሪው!» ብዬ ጮህኩ፣ በአማርኛ፣ በባዶ ምድር ቤት፣
ሠላሳ ዓመት ከማንም ጋር ባልጮህኩበት ቋንቋ።

ያኔ ነው የገባኝ።
በእነሱ አፍ ሁለት ቃል ነው፦
አንዱ ለመሮ፣ አንዱ ለማሽን።
በእኔ አፍ አንድ ነው።
ጣዖትም ይቀረጻል፣ ሰርግም ይቀረጻል።
ዕድሜዬን በበላሁበት ሥራ
ቃሉ ያን ሌሊት ዞሮ አየኝ።

ዶሪን መጨረሻ ገባ፣ ጥርሱ የወለቀበትን እያሳየ።
ከዚያ እሷ፦ ካሜራውን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጣ
ፊት ለፊቱ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።
በረዶው ትከሻዋ ላይ መቅረት ተወ፤
በውስጧ አልፎ መሬት ወረደ።
ከዚያ ባዶ ግቢ፣ ለረጅም ጊዜ።
ከዚያ፣ ማንም ሳይነካው፣
ካሜራው ተነሣ፣ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ፣
ውሃው ላይ ራሱን አየ፣
ወደቀ።

አጠፋሁት።
የጠፋ ቴሌቪዥን መስታወት ነው።
ጥቁሩ ላይ እኔ፣ መነጽሬ፣ ጣቴ ላይ የደረቀ ጥጥ፤
ከኋላዬ አግዳሚ።
እኔ አግዳሚ የለኝም።

ለሳንዱ «አልዳነም፣ ሻጋታ በልቶታል» ብዬ ጻፍኩ።
ጠዋት ከዳቦ ቤቱ አንድ እፍኝ ዱቄት ለምኜ
ፊቴን ከመታጠቤ በፊት
ውሃው ላይ ነሰነስኩ።