ጭስ ቁልቁል ሲማር

ከቮሩ ወዲያ ነው፤ ጥድ በበረዶ ጎብጦ፣
ሽማግሌው ካልዩ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣
የሚስቱን የወገብ መድኃኒት ካርቶን ቀዶ
አልጋ ይነድፋል፤ የጡብ አልጋ፣ ጭስ የሚያልፍበት በሆዱ ወርዶ።

"ጭስ ሽቅብ ነው ልማዱ" አለኝ፣ "ቁልቁል ማስተማር ነው ሥራችን፤
ችኩል እንግዳ ነው፤ ካላቆየነው በጭስ ማውጫው ነው የሚያልቅ እንጨታችን።"

ሂልያን ለካ በሜትር፣ ከራስ ጠጉሯ እስከ ተረከዝ፤
"ለሬሳ ሳጥኔ ነው?" ብላ ሳቀች፣ ሳቋን ሳል እስኪይዝ።

መጀመሪያ አንዱ መንገድ ቀጥ ብሎ ከእግርጌ ወደ ራስጌ ሄደ፤
እግሯ ሊጠበስ፣ ራሷ ሊበርድ! አየውና ቀደደ።
ሌላ ካርቶን። የሌላ ወር ክኒን አልቆ።
አሁን መንገዱ ታጠፈ፤ ሄዶ ተመላሽ፣ ተጣብቆ፣
ትኩሱ ከበራዱ ጎን፣ እንደ ባልና ሚስት ኩርፊያ ሌሊት ታርቆ።

ሂልያ መነጽሯን አድርጋ ስፋቱን አየች፤
"ሰባ ሳንቲ ሜትር? አንተስ?" ብላ ጠየቀች።
"እኔ ሶፋው ይበቃኛል፤ ጡብ አነሰ።"
መልስ አልሰጠችም። እርሳሱን ነጠቀች፤
መስመሩ በአራት ጡብ ወደ ግድግዳው ፈሰሰ።

የጎደለውን ከፈረሰው የወተት ፋብሪካ ለቀምን።

"በእናንተ አገር ይህ ምን ይባላል?" አለኝ፣ ጭቃ ስናቦካ ማታ፤
"መደብ" አልኩት። "ሜዳፕ" ብሎ ጻፈው፣ በንድፉ ባዶ ቦታ።

የመጀመሪያ ቀን ጭሱ አመፀ፤ ተመልሶ ፊታችን ላይ ነጎደ፤
"የበረደ ጉሮሮ አይውጥም" አለ ካልዩ፤
ከጭስ ማውጫው ሥር ጋዜጣ ነደደ።
ያን ጊዜ ሳበ።
አንድ እቅፍ በርች በሰዓት ውስጥ ዐመድ ሆነ፤ መደቡ ግን በረዶ፤
መዳፌን ብሰድ ምንም። "ከንቱ ልፋት" አልኩ፣ ተስፋዬ ወርዶ።
"ጡብ ወሬ ዘግይቶ ነው የሚሰማ፤
ሙቀት በሰዓት ሁለት ጣት ነው እርምጃው። ተኛ፤ ገና ነው ጨለማ።"

ሶፋው ለኔ ደርሶ ነበር። ሌሊት ሰባት ሰዓት ነቃሁ፤
ከወዲያ ክፍል ሁለት ማንኮራፋት፣ ሄዶ ተመላሽ፣ ሰማሁ።

እሳት ዐመድ ይወልዳል ሲባል ነው የማውቀው፤
ዐመዱ ቀዝቅዟል። ሌላ ልጅ እንዳለው
ማን አሰበ?

ጠዋት ሂልያ ጎንበስ ብላ ካልሲዋን ራሷ አጠለቀች፤
"ይህች ማዕዘን በርዳለች" አለ ካልዩ፤ ደግሞ ካርቶን ፈለገ።
"የለም" አለችው፣ "ያለፈው ወር ክኒን ገና አላለቀች።"