ይኄይስ ጋራዥ

ሰኔ ነው። ማርቆስ ላይ ጭቃው ጎማ ይዞ፣
ሰማዩ ከጮቄ ዝናቡን አርግዞ፣
ዝገት የበላውን ማርሚታ በሽቦ አስሬ፣
የዓባይን ዳገት እያንኳኳሁ ወጥቼ ደረስኩ ዛሬ።

የባለጋራዡ ስም ይኄይስ፤ «ይሻላል» ነው ፍቺው፤
እኔም የመጣሁት «የቱ ይሻላል?» ብዬ ልጠይቀው።
ባለ ሁለት በር ናት፤ ቀይ ነበረች ድሮ፤
ዛሬ ግራ በሯ የታክሲ ሰማያዊ፣ ኮፈኗ ላይ የሌላ መኪና ኑሮ።
ስትነሳ ግን ትነሳለች! ሦስተኛ ማርሽ ላይ
አንድ የተጠቀለለ ነገር ከሆዴ ይተረተራል እስከ ሰማይ።
ቀኑን ሙሉ በፋርማሲ መስኮት «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ» እያልኩ ለምውል ሰው
አንድ ጊዜ ጮክ ማለት ምን ክፋት አለው?

ሦስት ቱቦ ዘረጋልኝ በጆንያ ላይ፣ ተራ በተራ።
የመጀመሪያው ከዱባይ፤ እንደ መስታወት የጠራ፤
አፍንጫዬን አየሁበት፣ ጎብጦ፣ ሰፍቶ፤
ጫፉ እሳት የላሰው፣ እንደ ርግብ አንገት አብርቶ።
ዋጋውን ነገረኝ።
እንዳልሰማ ሆንኩ።
ደገመልኝ።

ሁለተኛው ከአይሱዙ ሬሳ የተቆረጠ፤
ውስጡ ባዶ፣ ክፍፍል የለው፣ ጉሮሮው የተገለጠ።
«ይኼ ምስጢር አያውቅም» አለኝ፤ «ያለውን ይናገራል፤
አንድ ፈረስ ካለሽ፣ የአዊን ፈረሰኛ ሁሉ አስከትሎ ያወራል።»
ሦስተኛው የፋብሪካ ነበር፤ ጥቁር፣ ወፍራም፤
እሱን ዞር ብዬም አላየሁም።

«አይሱዙውን!» አልኩ። ሳይበይድ፣ በፋሼታ ብቻ ገጠመው።
«ርገጪው» አለኝ። ረገጥኩት። የጣሪያው ቆርቆሮ ነው
ቀድሞ ያጨበጨበው፤ ከዚያ የጎሚስታው ልጆች፣
ጥቁር እጃቸውን እያራገፉ፣ አፋቸው ሁሉ ጥርስ።
ነዳጁን ለቀቅ ሳደርግ፦
ጧ!
ጧ! ጧ!

ከመንገዱ ማዶ ድንች የምትሸጠው የዝባለም
ሚዛኗን ጥላ መሬት ተኛች።
አንድ በር ተዘጋ። ሌላ በር ተዘጋ።
የልጅ ስም ተጠራ፣ ደጋግሞ፣ በቀጭን ድምፅ።
ውሻ እንኳ አልጮኸም።

ቁልፉን አዞርኩ።
ይኄይስ «አየሽ?» አላለኝም።
የዝባለም ተነሣች፤ ድንቿን አንድ በአንድ ለቀመች፣
ጭቃውን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች።
«መኪና ነው እንዴ?»
«መኪና ነው።»
«ጎሽ» አለች። ሳቀች፤ ከአፏ ብቻ።

ይኄይስ ዲማ ቅኔ ቆጥሮ ነበር፤ ሳይቀኝ ብየዳ ወሰደው።
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ የጋለውን ብረት ቀስ አርጎ እየመታው፣
«ማርሚታ ሰም ነው» አለ። «ድምፁን አይገድለውም፤ ያቆየዋል።
ሰሙ ከሌለ፣ ወርቁ መንገድ ላይ ፈስሶ ያልቃል።
ጎረቤት ሰሙን ይስማ፤ ወርቁ ለአንቺ፣ ከወንበርሽ ሥር፣ ይበቃል።»

ከዚያ ጥቁሩን አነሣ፣ ያን ያላየሁትን።
ሆዱን በመጋዝ ከፍቶ፣ ግማሽ አንጀቱን አወጣ፣ ግማሹን ተወው፤
ከሱቅ አራት የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አስገዝቶ ጎሰጎሰው።
«የዱባዩስ?» አልኩት፣ ዓይኔ ከብልጭታው ሳይነቀል።
«እሱ ለዓይን ነው። ገንዘብሽን ለጎማ አውይው፤ ጎማሽ ራሱ መላጣ መስሏል።»

አመሻሽ ላይ ወደ አማኑኤል ሰደድኳት።
ሦስተኛ ማርሽ። ከጀርባዬ ሥር ዝቅ ያለ ጉርምርምታ፣
እንደ ሩቅ ነጎድጓድ፣ መሬት ሰምቶት ሰው ያልሰማው።
ከመንገዱ ዳር የሚያርሰው ሰው ቀና እንኳ አላለ።
ደስ አለኝ።
ትንሽም ከፋኝ።

የአይሱዙውን ቱቦ ግን አልጣልኩትም፤
በጆንያ ጠቅልዬ ከኋላ ጭኜዋለሁ፤ ይኄይስም አልከለከለኝም፣
ከሂሳቡ ላይ ደመረው እንጂ።
ጧ! ሲል፣ የዝባለም ሚዛኗን ሳትጥል
«ይቺ ቀበጥ ደግሞ መጣች!» ያለች ዕለት፣
ያን ዕለት ይገጠማል።