ቅጽ ሁለት

ከፊንላንድ ሰሜን፣ ጥድ ከሚበዛበት፣
ፀሐይ በቀትር እንኳ ዓይኗ ከሚከብድበት፣
በየሁለት ሳምንቱ፣ መጻሕፍት ጭኜ በአውቶቡስ እነዳለሁ፤
ከኩሳሞ ወዲያ፣ ሦስተኛው ፌርማታ፣ ሄልካን አገኛለሁ።

ሦስት ክረምት ሙሉ አንድ ጥያቄ አላት፤
«መጣ?» ትለኛለች፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፣ በሩ ሳይዘጋላት።
«አልመጣም» እላለሁ።
አንደኛውን ቅጽ እንደገና ትዋሳለች፣
ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የታሰረውን አቅፋ ትወርዳለች።

በዚያ በአንደኛው ቅጽ ኦርሳ የምትባል ልጅ
ከዓሣ ነባሪ አጥንት የተሠራች መርከብ
በፉጨት እየመራች ከዋክብት ታቋርጣለች፤
ሞተሩ የሚበላው ትዝታ ነውና
በራቀች ቁጥር የእናቷን መልክ ትረሳለች።
መጨረሻው መስመር ላይ፣ ባዶ ጨረቃ ላይ፣ በር ተንኳኳ ከውስጥ፤
ማን እንዳንኳኳ ግን
ሳይነግረን አለቀ፤ ጥሎን ሄደ በምጥ።

ሁለተኛው መጣ፣ በጥቅምት፣ ቀለሙ ገና እየሸተተ።
ማሞቂያውን ለኩሼ፣ መሪው ላይ አስደግፌ፣
ተራዋን ሰረቅኳት፤
ቀድሜ አነበብኩት እንቅልፌን ገፍፌ።

ገጽ በገጽ ገለጥኩ፤ የማውቀው ገጽ የለም።
ኦርሳ ፉጨቷን ትታ በሁለት ልዑላን መሐል ትዋልላለች፣
«የቱን ልምረጥ?» ብላ መቶ ገጽ ታለቅሳለች።
መርከቧ ወደብ ላይ አጥንቷ ይነቅዛል፤
የቀበርነው ጠንቋይ «መች ሞትኩና?» ብሎ እራት ላይ ይመጣል።
በሩን ያንኳኳውስ?
ነፋስ።
ነፋስ ነው አሉን! ጨረቃ ላይ ነፋስ!

በማግስቱ ሰጠኋት። ምን ልበላት ታዲያ?
ሦስት ዓመት ለጠበቀ «አትክፈቺው» ይባላል?

በአሥራ አምስተኛው ቀን መለሰችው። ንጹሕ።
ጀርባው ቀጥ እንዳለ፣
አንድ ገጽ ሳይታጠፍ፣ የሻይ ጠብታ ሳይነካው።
«እንዴት ነበር?» አልኳት።
ከኋላዋ ኦይቫ ቆሟል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
አንደኛውን ትናንት ጨርሶ
ዓይኑ ገና ከዚያ በር ደጃፍ ያልተነቀለ።
አየችው። አየችኝ።
«ሽፋኑ ያምራል» አለች።

ነጥቋት ሮጠ፣ በረዶውን እየረገጠ፣ ኮፍያው እየወደቀ።
እሷ አልወረደችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንቷን አወለቀች።
«ነፋስ» አልኳት ቀስ ብዬ።
«ጨረቃ ላይ» አለች፤
ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር፣ ትንፋሿ መስተዋቱን አለበሰው።

ቆየችና «ሦስተኛው ሲወጣ…» ብላ ዝም።
የተራ መዝገቡን ስቤ ስሟን ጻፍኩ፣
ከስሟ ሥር የእኔን።