የትውልድ ቦታ

ሬድሩት፣ መዝገብ ቤት፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
"እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ብቻ" በሚል ሕግ፣
ካፖርቴን አውልቄ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣
አራት የቆጠራ ጥራዝ ጎን ለጎን አድርጌ፣
የእናቴን ቅድመ አያት መፈለግ ጀመርኩኝ፤
መቶ ዓመት የተዘጋ በር ላይ አንኳኳሁኝ።

ሃኒባል ስፓርጎ። ዓሣ አጥማጅ። ባለትዳር።
ባሥር ዓመት አንድ ጊዜ ቆጣሪው ሲቆም ከበር፣
ጥያቄው አንድ ነው፦ "የት ተወለድክ?" የሚል፤
የሱ መልስ ግን ይዞራል፣
እንደ ጀልባው ሸራ፣ እንደ ነፋሱ ኃይል።

በሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ አንድ፣
"አየርላንድ"።
በስልሳ አንድ፣ "ባሕር ላይ፣ ከመርከብ ሆድ"።
በሰባ አንድ፣ "አላውቅም"። ቆጣሪው ተናዶ
ብዕሩን ተጭኖታል፤ ወረቀቱ ተቀዶ
በቀዳዳው የሌላ ቤት መበለት ትታያለች።
በሰማንያ አንድ ላይ—
ቆይ። እሱን በኋላ።

እናቴ ትል ነበር፦ "እስፔናዊ መኮንን፣
መርከቡ ተሰብሮ ማዕበል የጣለልን፤
ይሄን ጥቁር ጠጉር እሱ ነው ያወረሰን።"
አክስቴ ዊልሞት ግን በሳቅ ትፈርሳለች፤
"የምን መኮንን ነው! ድስት ጠጋኝ!" ትላለች።
ያጎቴ ልጅ ደግሞ፣ አውስትራሊያ ያለው፣
ምራቁን በብልቃጥ በፖስታ የላከው፣
"አሥራ አንድ ከመቶ 'ልዩ ልዩ' አሉኝ" ብሎ ጻፈልኝ።
ልዩ ልዩ!
የሱቅ በር ላይ እንደተለጠፈ።

ጋብቻው በሠላሳ ዘጠኝ ነው። ስፓርጎ ስፓርጎን አገባ ይላል፤
ዝምድና ግን የላቸውም። ስሟን አስቀድሞ ተበድሯል።
ከ"አባት ስም" ሥር አንዲት ሰረዝ ብቻ አለች፣
ቀጭን፣ ጫፏ ወደ ላይ የቀናች፣
ጥያቄ ምልክት ልትሆን ስትል የደከመች።
ፊርማው መስቀል ነው። መስቀሉም ጠማማ።

ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀር፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ
ሳልጠይቃት አንድ ስስ ደብተር ይዛ መጣች በእጅ፦
"የድሆች መዝገብ ነው። ማንም አያወጣውም።"
ሠላሳ ስምንት፣ ጥር። እንዲህ ይላል ጽሑፉም፦

"አይዛያ ቱፕ፣ ሸማኔ፣ ሚስትና ሦስት ልጆች፣
ካጥቢያችን ስላልተወለደ እርዳታ አይገባውም፤
ወደ ተወለደበት ተመልሷል።
ለጋሪ፣ አራት ሽልንግ። ለዳቦ፣ ሁለት ሳንቲም።"

ለካስ "የት ተወለድክ?" ማለት
"ማን ያብላህ?" ማለት ኖሯል።
ለካስ አገሩን የተናገረ ሰው
በገዛ አፉ ጋሪ ይጠራል።

ሃኒባል ያን ሰሞን ከወደቡ ቆሞ ዓሣ ሲቆርጥ ነበር፤
ጋሪው ሲያልፍ፣ ትንሿ ልጅ ከኋላ ቁጭ ብላ አየ።
ወይም አላየም።
እኔ ነኝ ያሳየሁት።

አሁን ሰማንያ አንድ።
ቆጣሪው ቼግዊደን ነው፣ የመንደሩ መምህር፤
አባቱ ከሃኒባል ጋር ባንድ ጀልባ የቀዘፈ፣
መጤነቱንም፣ የመጣበትንም ሌሊት የሚያውቅ፣
የተማሪ አንዲት ፊደል ብትንሸዋረር የማያልፍ።
"የት ተወለድክ?"
ሽማግሌው መረቡን እየጠገነ፣
"እዚሁ" አለው።
መምህሩም በዚያ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፉ
"እዚሁ" ብሎ ጻፈው።
ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሞተ። ልጁ ቶማዚን አስመዘገበች።
ዕድሜ፦ በግምት። ሥራ፦ ዓሣ አጥማጅ። የሞት ምክንያት፦ ሳል።
የት ተወለደ የሚል አምድ
በሞት መዝገብ የለም።
ያን አንድ በር
ማንም ሳይጠይቀው አለፈ።

እርሳሱን መልሼ ወጣሁ፤ ውጭው ካፊያ ነበር።
አውቶቡሱ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ
ተቆጣጣሪው ገባ፣ ቲኬቴ ከኪሴ ጠፋ።
"ከየት ነው የተሳፈርሽው?" አለኝ፤
ተራ ጥያቄ ነው፣ ለሂሳብ ያህል።
ትንሽ ዘገየሁ።